የተዘረፈ የግል መረጃና የማስረዳት ሸክም

አንድ የገንዘብ ተቋም የሰዎችን የግል መረጃ ሲያስዘርፍ፣ ካሳ ፈልጎ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ጉዳት ደረሰብህ?» ተብሎ ነው። በሌሎች የካሳ ክርክሮች ጥያቄው ተገቢ ነው። የተጋጨ መኪና የጥገና ደረሰኝ አለው፤ የተሰበረ እግርም የሐኪም ማስረጃ ይቀርብበታል። የተዘረፈ መረጃ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት የለውም። ስም፣ የልደት ቀንና የመታወቂያ ቁጥር ቢሰረቁም ከባለቤታቸው ዘንድ አይጠፉም፤ የሚጠፋው በባለቤታቸው ስም ሌላ ሰው አይነግድም የሚለው እርግጠኝነት ነው። ሌባው በዚያ መረጃ ነገ ብድር ሊወስድ ይችላል፤ ዓመታት ቆይቶ ሊወስድም፣ ጭራሹን ላይነካውም ይችላል። ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ እንኳ መረጃው ከየትኛው ተቋም እንደወጣ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ሌባው ብቻ ነው። ይህ ዳሰሳ እንዲህ ላለው ተጎጂ ክፍት የሆኑትን የሕግ መንገዶች ይመረምራል። የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው፦ መንገዶቹ በቁጥር ብዙ ቢሆኑም የማስረዳት ሸክሙ በተጎጂው ጫንቃ ላይ እስካለ ድረስ የሚያስገኙት ጥቅም ጥቂት ነው፤ ሸክሙ መረጃውን ሰብስቦ ወደያዘው ተቋም በዞረበት ቦታ ሁሉ ግን ሕጉ በእርግጥ ይሠራል።

ለዚህ ምርመራ የኢኩዊፋክስን ያህል የተሟላ መዝገብ ያለው ጉዳይ ማግኘት ያስቸግራል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአትላንታ የሆነው ይህ ድርጅት በአሜሪካ የሰዎችን የብድር ታሪክ ከሚመዘግቡት ሦስት ትልልቅ ድርጅቶች አንዱ ነው። ባንክ ብድር ሲሰጥ፣ አከራይ ቤት ሲያከራይ፣ ነጋዴ መኪና በዱቤ ሲሸጥ የሚያገላብጡት ክሬዲት ሪፖርት ከእነዚህ ድርጅቶች የሚወጣ ነው። በመዝገቡ ያሉት ሰዎች አብዛኞቹ ከኢኩዊፋክስ ጋር ምንም ውል አልነበራቸውም፤ መረጃቸውን የሚያቀብሉት አበዳሪዎቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በማርች 2017 አፓቺ ስትረትስ በተባለ ሶፍትዌር ላይ ክፍተት ተገኘ፤ ማስተካከያውም ወዲያው ወጣ፤ የመንግሥት የሳይበር ደኅንነት ባለሙያዎችም ድርጅቶችን አስጠነቀቁ። ኢኩዊፋክስ ግን ሰዎች በሪፖርታቸው ላይ ቅሬታ የሚያቀርቡበትን ሥርዓት ሳያስተካክል ቀረ። ሰርጎ ገቦቹ በሜይ ወር ገብተው 76 ቀናት ያህል ቆዩ። የኔትወርኩን ፍሰት መመርመር የነበረበት መሣሪያ ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፎበት ስለነበር ማንም አላያቸውም። ድርጅቱ ዝርፊያውን የደረሰበት ጁላይ 29 ሲሆን ለሕዝብ የገለጸው ሴፕቴምበር 7 ነው። የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተወስዷል፤ ከእነዚህም የአብዛኞቹ ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይገኝበታል። ከአሜሪካ ሕዝብ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቁጥር ነው።

ከዚህ ጉዳይ የመነጨው ትልቁ የሕግ ውጤት ተጎጂዎቹ ያነሡት የጋራ ክስና የመንግሥት ክስ ተጣምረው በጁላይ 2019 የደረሱበት ስምምነት ነው። ኢኩዊፋክስ ከፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ ከሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እና ከ48 ግዛቶች፣ ከዋሽንግተን ዲሲና ከፖርቶ ሪኮ ጋር በመስማማት ከ575 ሚሊዮን እስከ 700 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚህ ውስጥ እስከ 425 ሚሊዮን የሚደርሰው ለተጎጂዎች የተመደበ ነበር። ከኪሱ ያወጣውን ወጪ ማስረዳት የቻለ ሰው እስከ 20,000 ዶላር ሊጠይቅ ይችላል፤ ጉዳዩን ሲከታተል ላጠፋው ጊዜም በሰዓት 25 ዶላር ታስቦለታል። በወረቀት ላይ ሲታይ ለጋስ ስምምነት ነው። ሕዝብ ያስታወሰው ግን ሌላውን አማራጭ ነው፤ ቀድሞውኑ የብድር ክትትል አገልግሎት ያለው ሰው ስምምነቱ በነጻ በሚሰጠው አገልግሎት ፋንታ 125 ዶላር በጥሬ ገንዘብ መጠየቅ ይችላል የሚለውን። ለዚህ አማራጭ መጀመሪያ የተመደበው ገንዘብ 31 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ይህ ገንዘብ ለ125 ሲካፈል የሚዳረሰው 248,000 ሰው ነው፤ ከሺህ ተጎጂዎች ለሁለቱ እንኳ አይደርስም። ጠያቂው ሲጎርፍ የንግድ ኮሚሽኑ ራሱ ስምምነቱ በተገለጸ በቀናት ውስጥ ሰዎች ከገንዘቡ ይልቅ የክትትል አገልግሎቱን እንዲመርጡ መከረ። የጋራ ክሱን የያዙት ጠበቆች ደግሞ 77.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈቀደላቸው።

ከዚህ ተነሥቶ የጋራ ክስ ከንቱ ነው ማለት ግን ስህተት ነው። ኢኩዊፋክስ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ቢሊዮን ዶላር ለመረጃ ደኅንነት እንዲያወጣ የተገደደው በዚሁ ሂደት ነው። አንድ ተጎጂ ብቻውን ቆሞ ይህን ግዴታ በድርጅቱ ላይ ሊጥል አይችልም ነበር። ስለዚህ የጋራ ክስን የተጎጂውን ኪስ በመሙላት አቅሙ ሳይሆን የተቋሙን ጠባይ በመለወጥ አቅሙ መመዘን ይገባል። ተጎጂው ማወቅ ያለበት አንድ ከባድ ነገር ግን አለ። ስምምነት ሲደረስ በተወሰነው ቀን «አልገባበትም» ብሎ በጽሑፍ ያላሳወቀ ሰው በስምምነቱ ይታሰራል፤ በኋላ የራሱን ክስ ሊያነሣ አይችልም። እውነተኛ የገንዘብ ኪሳራ የደረሰበትና ማስረጃ በእጁ ያለው ሰው ከጋራው ወጥቶ አነስተኛ ክርክሮችን የሚያይ ፍርድ ቤት ቢሄድ ሊሻለው ይችላል። በጆርጂያ እንዲህ ያለው ፍርድ ቤት እስከ 15,000 ዶላር የሚደርስ ክርክር ያያል፤ ጠበቃ መቅጠርም ግዴታ አይደለም። በኢኩዊፋክስም ላይ በዚህ መንገድ የተፈረደላቸው ሰዎች ነበሩ። ማስረጃ የሌለው ግን በየትኛውም ፍርድ ቤት ማስረጃ የለውም፤ ችግሩ እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

የችግሩን ጥልቀት የሚያሳየው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2021 በትራንስዩኒየን ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ነው። ይህ ሌላው የብድር መዝጋቢ ድርጅት 8,185 ሰዎችን ስማቸው ስለተመሳሰለ ብቻ በሽብርተኝነትና በአደንዛዥ ዕፅ ከሚጠረጠሩ ሰዎች ስም ዝርዝር ጋር አያይዟቸው ነበር። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ የመክሰስ መብት አላቸው ያለው የተሳሳተው ሪፖርት ወደ ሦስተኛ ወገን የተላከባቸውን 1,853 ሰዎች ብቻ ነው። በቀሩት ላይ ስህተቱ በመዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ስለቀረ ተጨባጭ ጉዳት አልደረሰም ተባለ። ጉዳዩ የመረጃ ዝርፊያ ባይሆንም የሥር ፍርድ ቤቶች መርሁን በዝርፊያ ክሶች ላይ ይጠቅሱታል፤ መረጃህ ከመወሰዱ ውጭ ምን ሆንህ እያሉ ይጠይቃሉ። ይህ መርህ በኢኩዊፋክስ ዓይነቱ ዝርፊያ ላይ ሲያርፍ የሚያስከትለውን እንመልከት። በፌብሩዋሪ 2020 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በዝርፊያው የከሰሰው አራት የቻይና ጦር ባልደረቦችን ነው። ለስለላ የተወሰደ መረጃ እንደ ተራ ሌባ ዕቃ ወዲያው ገበያ ላይወጣ ይችላል። መርሁ በጥብቅ ከተተረጎመ ዝርፊያው በሰፋና ዘራፊው በረቀቀ መጠን ተጎጂው የመክሰስ መብቱን ያጣል ማለት ነው። ሕግ ተበዳዩን በበዳዩ ብልጠት ሊቀጣው አይገባም።

ሁለተኛው እንቅፋት በውል ውስጥ የሚገባው የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ በተከራከረበት ጉዳይ፣ ደንበኛው ወደ ግልግል እንጂ ወደ ጋራ ክስ እንዳይሄድ የሚከለክሉ ውሎች በፌዴራል ሕግ እንዲጸኑ ፈረደ። ብዙ የባንክና የክሬዲት ካርድ ውሎችም ይህን አንቀጽ ይዘዋል። ኢኩዊፋክስ ራሱ ከዝርፊያው በኋላ በነጻ ባቀረበው የክትትል አገልግሎት ውል ውስጥ እንዲህ ያለ አንቀጽ ተገኝቶ ሕዝብ ሲቆጣ አንሥቶታል። የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በዚያው ዓመት አንቀጹን የሚገድብ ደንብ አውጥቶ ነበር። የዝርፊያው ወሬ ገና ሳይበርድ፣ በኦክቶበር 2017፣ ሴኔቱ ደንቡን 51 ለ50 በሆነ ድምፅ ሻረው፤ ወሳኙን ድምፅ የሰጡት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነበሩ። ለግልግል የሚሟገቱ ሰዎች ፈጣንና ርካሽ ነው ይላሉ። ትልቅ ኪሳራ ለደረሰበት አንድ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ተጎጂ ጥቂት ዶላር በሚጠይቅበት ጉዳይ ግን ብቻህን ና ማለት አትምጣ ማለት ነው።

ታዲያ የመረጃ ጥበቃ ሕጎቹ ራሳቸው የት አሉ? በአሜሪካ የገንዘብ ተቋማት የደንበኛን መረጃ እንዲጠብቁ የሚያዝዘው ዋናው ሕግ በ1999 የወጣው የግራም፣ ሊችና ብላይሊ ሕግ ነው። ሕጉ ግዴታውን ቢጥልም ተጎጂው በራሱ እንዲከስስበት አይፈቅድም፤ ማስፈጸሙን የተወው ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ነው። ተቆጣጣሪዎች ሲነሡ አቅም አላቸው። ካፒታል ዋን የተባለው ባንክ በ2019 በአሜሪካ የ100 ሚሊዮን፣ በካናዳ የ6 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መረጃ ሲያስዘርፍ የባንኮች ተቆጣጣሪው 80 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቶታል። እንዲህ ያለው ቅጣት ግን ለተጎጂው ሳይሆን ለመንግሥት ግምጃ ቤት ይገባል። ከዚህ የተለየ ፈር የቀደደችው ካሊፎርኒያ ናት። ከ2020 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የግዛቷ ሕግ ተገቢ ጥበቃ ባለማድረግ መረጃ ላስዘረፈ ድርጅት በአንድ ሰው ከ100 እስከ 750 ዶላር ቁርጥ ካሳ ወስኗል፤ መጠኑ ከዚያ ወዲህ ከዋጋ ንረት ጋር ይስተካከላል። ከሳሹ ኪሳራውን በዶላር ማስላት አይጠበቅበትም። ሕጉ በፌዴራል ሕግ የሚገዛውን የገንዘብ ተቋማት መረጃ ከአብዛኛው ክፍሉ ነጻ ቢያደርገውም፣ የዝርፊያ ካሳ የሚጠየቅበትን አንቀጽ ግን ከዚህ ነጻነት ለይቶ አስቀርቶታል። ባንክም ሆነ አበዳሪ አያመልጥም ማለት ነው።

ክስ ሳያስፈልጋቸው የሚሠሩት መብቶች ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የተረሱት ናቸው። ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ማንም ሰው የክሬዲት መዝገቡን በነጻ ማዘጋት ይችላል፤ ይህን የፈቀደው ሕግ የወጣው ከኢኩዊፋክስ ቁጣ በኋላ ነው። መዝገቡ ከተዘጋ አዲስ አበዳሪ ሊያየው ስለማይችል ሌባው በተሰረቀው ቁጥር ብድር ማውጣት ይቸግረዋል። በሦስቱም ድርጅቶች ዘንድ ለየብቻ ማዘጋት ያስፈልጋል። ማንነቱ ተሰርቆ ብድር የተወሰደበት ሰው የስርቆት ሪፖርትና ማንነቱን የሚያሳይ ማስረጃ ካቀረበ መዝጋቢዎቹ የሐሰቱን ዕዳ በአራት የሥራ ቀናት ውስጥ ከሪፖርቱ እንዲያግዱ ይገደዳሉ። ከሁሉ በላይ ግን በ1978 የወጣውን የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ዝውውር ሕግ ልብ ማለት ይገባል። ገንዘብ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከሂሳቡ ቢወጣ፣ ዝውውሩ የተፈቀደ መሆኑን የማስረዳት ሸክም በባንኩ ላይ ነው። ካርዱ የጠፋበት ሰው በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ካስታወቀ ኃላፊነቱ ከ50 ዶላር አያልፍም፤ ከዘገየ እስከ 500 ይደርሳል፤ መግለጫው ከተላከለት 60 ቀን ካለፈ በኋላ ግን ከዚያ ወዲያ ለሚወጣው ገንዘብ ዋስትናውን ሊያጣ ይችላል። ሕጉ ተታልሎ በገዛ እጁ ገንዘብ የላከውን ሰው በአብዛኛው አይጠብቀውም፤ ይህ ትልቅ ጉድለቱ ነው። ሆኖም ባንኮች አጠራጣሪ ዝውውርን ለይቶ የሚያስቆም ሥርዓት ለመዘርጋት ጠንካራ ምክንያት ያገኙት ኪሳራው በእነሱ ስለሚያርፍ ነው። ሸክሙ የት መቀመጥ እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

አውሮፓም በራሷ መንገድ ወደዚሁ መደምደሚያ ተጠግታለች። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ በ82ኛው አንቀጹ ለገንዘብም ሆነ ለሞራል ጉዳት ካሳ ይፈቅዳል። በጁላይ 2019 የቡልጋሪያ የግብር መሥሪያ ቤት የ6 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መረጃ ካስዘረፈ በኋላ ጉዳዩ ወደ ኅብረቱ ፍርድ ቤት ደርሶ በዲሴምበር 2023 ሁለት ቁም ነገሮች ተወሰኑ። አንደኛው፣ መረጃዬ ክፉ ሥራ ላይ ይውልብኛል የሚል ፍርሃት በቂ መሠረት እንዳለው ከታየ ራሱን ችሎ ካሳ የሚያሰጥ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ጥበቃው ተገቢ እንደነበር የማስረዳት ሸክም የመረጃው ያዥ ነው። ይህ ዳሰሳ ከጎበኛቸው ፍርዶች ሁሉ ወደ ነገሩ ሥር የገባው ይህ ነው፤ ተጎጂው ሊያየው በማይችለው ሰርቨር ውስጥ የሆነውን አስረዳ ተብሎ መጠየቁን አስቀርቷልና። በአንጻሩ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2021 በጉግል ላይ በቀረበ የውክልና ክስ፣ የእያንዳንዱ ሰው ጉዳት ሳይታይ በመረጃው ላይ ሥልጣን በማጣቱ ብቻ ለሚሊዮኖች ካሳ አይሰጥም ብሏል። የኢኩዊፋክስ የእንግሊዝ ክፍልም በዚያው በ2017 ዝርፊያ ምክንያት በ2018 500,000 ፓውንድ፣ በ2023 ደግሞ ከ11 ሚሊዮን በላይ ፓውንድ በተቆጣጣሪዎች ተቀጥቷል። የመጀመሪያው ቅጣት በወቅቱ ሕግ የመጨረሻው ጣሪያ ነበር።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ክርክር የምትገባው አዲስ ሕግ ይዛ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥሰት የደረሰበት ተቋም በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው እንዲያስታውቅ ያዝዛል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የባንክ አገልግሎት ወደ ስልክ በገባበት፣ የፋይዳ ቁጥርም ከባንክ ሂሳብ ጋር በሚተሳሰርበት ጊዜ ሕጉ ወቅቱን የጠበቀ ነው። ዙሪያውን የከበቡት የቆዩ ሕጎች ግን ለካሳ ጠያቂው አይመቹም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሞራል ጉዳት የሚሰጠውን ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ 38ኛ አንቀጽ በውክልና መክሰስን ቢፈቅድም ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች ሁሉ መስማማታቸውን እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል፤ መቶ ሺህ ደንበኞች ባሉበት ጉዳይ ይህ የማይሞከር ነው። መፍትሔው ግን ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል። ሕግ አውጪው የደራሲና የሙዚቀኛ ጉዳት በደረሰኝ እንደማይለካ ተገንዝቦ ወለል አበጅቷል፤ መረጃው ለተዘረፈ ደንበኛም መጠኑ ቢያንስ እንኳ ይኸው አስተሳሰብ ይሠራል።

ሸክሙ ወደ ተቋሙ ይዙር፣ ካሳውም ቁርጥ ይሁን በሚለው ሐሳብ ላይ የሚነሡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ተቋሙ ራሱ የወንጀል ሰለባ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ሌባው ሌላ ነው። ነገር ግን የሌባው ወንጀልና የጠባቂው ቸልተኝነት አንዱ ሌላውን አያስቀርም። የራሳችን የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2069ኛ አንቀጹ ፈንጂ ወይም መርዝ በማከማቸት ሌላውን ያልተለመደ አደጋ ላይ የጣለ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የሚሊዮኖችን ማንነት አከማችቶ የሚነግድ ተቋምም በፈቃዱ አደጋ አከማችቷል፤ ትርፉን ከወሰደ አደጋውንም ይውሰድ። እኔ ግን ያን ያህል እንኳ አልጠይቅም፤ ተገቢውን ጥበቃ ማድረጉን ያስረዳ ተቋም ነጻ ይውጣ። ማስተካከያው ከወጣ ከሁለት ወር በኋላ በዚያው ክፍተት የተዘረፈ ድርጅት ግን ይህን ማስረዳት አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቁርጥ ካሳ ተቋማትን ያፈርሳል የሚል ነው። ሒሳቡ በእርግጥ ያስደነግጣል፤ ለ147 ሚሊዮን ሰው መቶ መቶ ዶላር 14.7 ቢሊዮን ይሆናል፤ ኢኩዊፋክስ በ2017 ያስገባው ጠቅላላ ገቢ 3.4 ቢሊዮን ያህል ነበር። ለዚህ የካሊፎርኒያ ሕግ መልስ አለው፤ ዳኛው መጠኑን ሲወስን የጥፋቱን ክብደትና የተቋሙን ሀብት እንዲመዝን ይነግረዋል። ጣሪያ ማበጀትም ይቻላል። ሦስተኛው ተቃውሞ አብዛኛው ሰው ምንም ስላልደረሰበት ካሳው ያልለፋበት ሲሳይ ነው ይላል። ይህ የሰውን ጊዜ ዋጋ አለመቁጠር ነው። የኢኩዊፋክስ ስምምነት ራሱ አንድ ሰዓትን በ25 ዶላር ተምኖታል። እያንዳንዱ ተጎጂ መዝገቡን ለማዘጋትና ሪፖርቱን ለማየት አንድ ሰዓት ብቻ አጥፍቷል ብንል ድምሩ 3.675 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ስምምነቱ ከሚያስከፍለው ከፍተኛ ገንዘብ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ወጪ አልደረሰም ሊባል አይችልም፤ ወጪው ከተቋሙ ወደ ሕዝቡ ተሻግሯል እንጂ። ገንዘቡን ጠበቃ ይበላዋል የሚሉትም ቢሆኑ ቁርጥ ካሳንና የዞረ የማስረዳት ሸክምን ሊደግፉ ይገባል፤ ክርክሩ ባጠረ ቁጥር የጠበቃው ድርሻ ያንሳልና።

እንግዲህ በአሜሪካ የሚኖርና መረጃው መዘረፉ የተነገረው ሰው ዛሬ ባለው ሕግ ምን ያድርግ ቢባል፣ ቅደም ተከተሉ ከዚሁ ምርመራ ይወጣል። ከሁሉ በፊት ማስረዳት የማይጠይቁትን መብቶች ይጠቀም፦ መዝገቡን በሦስቱም ድርጅቶች ያዘጋ፣ በየሳምንቱ በነጻ የሚገኘውን ሪፖርት ይመልከት፣ ያልፈቀደው ገንዘብ ከወጣበት በሁለት ቀን ውስጥ ባንኩን በጽሑፍ ያሳውቅ። ቀጥሎ ያጠፋውን ሰዓትና ያወጣውን ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይመዝግብ፤ በኋላ የሚጠየቀው ይህንኑ ነውና። የጋራ ክስ ስምምነት ማስታወቂያ ሲደርሰው ሳያነብ አይጣለው፤ የመውጫውን ቀን አይቶ፣ ኪሳራው ትልቅ ከሆነ ጠበቃ አማክሮ ይወስን። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትና ለግዛቱ ዐቃቤ ሕግም አቤት ይበል። ይህ ሁሉ ግን የተጎጂው ትጋት ነው፤ ጥፋቱ የእሱ ባልሆነ ነገር ትጋትን ከእሱ ብቻ መጠበቅ ፍትሕ አይደለም። ሕግ አውጪዎች፣ የእኛዎቹም ጭምር፣ ሦስት ነገር ቢያደርጉ የቀረው ራሱ ይስተካከላል፦ ጥበቃው ተገቢ እንደነበር የሚያስረዳው ተቋሙ ይሁን፣ ማስረዳት ካልቻለ ለእያንዳንዱ ተጎጂ ልኩ በሕግ የተወሰነ ካሳ ይክፈል፣ ተጎጂዎችም የሁሉንም ፈቃድ ሳይሰበስቡ አብረው መክሰስ ይቻላቸው። ተቋማት ዛሬ መረጃ የሚያከማቹት ማከማቸቱ ርካሽ፣ ማስዘረፉም ከዚያ ብዙም የማይወደድ ስለሆነ ነው። ማስዘረፍ ከመጠበቅ ይልቅ ውድ በሆነ ጊዜ የማያስፈልጋቸውን መረጃ አይሰበስቡም፤ የሰበሰቡትንም ይጠብቃሉ።